የበጅሮንድ አለምነው አሥራ አንድ ፍላጻዎች

«ትቀመጥ» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ካለም ገና አልተቆረቆረም። ይህን ሰው ንፉግ የሚሉት አሉ፣ ተሳስተዋል። ንፉግ የሚነፍገው ሌላውን ነው፤ ይህኛው ግን ለራሱም አይሰጥም። አዲስ ጫማ ገዝቶ አሮጌውን ያሰፋል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት በላስቲክ ይጠቀልልና ላስቲኩ ሲያረጅ ላስቲኩን ይቀይራል። ለምን ሲባል መልሱ «ለክፉ ቀን» ነው። ክፉ ቀን እውነትም መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ፣ በቀዳዳ አጮልቆ ያየውና ይሄ እንኳ ያን ያህል አይከፋም፣ የባሰ ይመጣል ብሎ ይመልሰዋል።

የመካነ ሰላሙ ጋሽ አለምነው የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ከኩዌት የተመለሰችው ሀናን እንደ እሳቸው ያለ ሰው በዓረብ አገርም በሀበሻ አገርም አላየችም፤ እንደ እሳቸው ያቃጠላትም የለም።

ጋሽ አለምነው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው የሠሩ፣ ዛሬም ቁልፉን ከወገባቸው ያላወረዱ ሰው ናቸው። መምህር ጠመኔ ሲጠይቃቸው የባለፈውን ጉማጅ መልስ ይሉታል። አንድ ዓመት አሥር አዳዲስ ኳሶች መጥተው ነበር። ተማሪው በጨርቅ ኳስ ሲራገጥ ከረመ፣ እሳቸው «ለፍጻሜው ጨዋታ ትቀመጥ» እያሉ አከረሙ። ፍጻሜው በሦስተኛው ዓመት ደረሰና ኳሶቹ ከካርቶን ወጥተው ሲነፉ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጠቁ። እሳቸው ግን አላፈሩም። ቁጥራቸው አልጎደለም ብለው አስፈረሙ።

ቤታቸውም ያው ነው። የባለቤታቸው የእትዬ ሐረግ እህት ከጅዳ የላከችው ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ ከነዚፑ፣ ከነላስቲክ ቦርሳው ዘጠኝ ዓመት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። የመካነ ሰላም ብርድ ደግሞ የሚያውቀው ያውቀዋል። እትዬ ሐረግ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ቁም ሳጥኑ እያሳዩ፣ እሱ ሞቆታል፣ እኛ ነን የበረደን ይላሉ።

ሀናን በአንጻሩ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ከኩዌት ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሲሆናት ስፌት ጀምራ ትታለች፣ ሱቅ ከፍታ ዘግታለች፣ ሽማግሌ የላከባትን ልጅ «ቆይ» እንዳለችው ቀርታለች። የደሴው አውቶብስ በጠዋት ክላክስ ሲያሰማ እግሯ ሳታዝዘው ይነሳል። እናቷ ይቺ ልጅ መንገድ አስነክተዋታል ብለው ዱዓ አስደርገውላታል፤ ዱዓው ተደርጎ ሳያልቅ እሷ ወጥታ አስፋልት ላይ ትንጎራደድ ነበር። ሳታቋርጥ የዘለቀችበት ነገር ቢኖር እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአዩብ የሞባይል ጥገና ሱቅ ጓዳ የምታጫውተው ጨዋታ ብቻ ነበር።

ጨዋታውን ያመጣችው ከኩዌት ነው። ስድስት ዓመት ያሳደገቻቸው ልጆች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ነበር። አንዱ ታሪኩን ይነግራል፣ ሌሎቹ የታሪኩ ሰዎች ይሆናሉ። ይህን አደርጋለሁ፣ በዚያ እዘላለሁ ይላሉ፣ ይሳካ አይሳካ ዳይስ የሚሉትን ባለ ነጥብ የዕጣ ኩብ ጥለው ያያሉ። አንድ ሰው ሲጎድልባቸው እሷን ከወጥ ቤት ጠሯት፣ በዚያው ተጫዋች ሆና ቀረች። ልጆቹ አድገው ጨዋታውን ሲንቁት ሁለቱን ዳይሶች ሰጧት። ሌላው ሰው ከዓረብ አገር ወርቅ ሲያመጣ ሀናን ዳይስ አመጣች ተብሎ ተሳቀባት።

ታሪኩን ግን ራሷ እንደ አዲስ ሠራችው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመተ ምሕረት ነው። መቅደላ አምባ ላይ በምድር የቀረው የመጨረሻው የዘር ጎተራ አለ። የጤፉም፣ የገብሱም፣ የምስሩም ዘር እዚያ ነው። ከቆላ የሚነሳ የብረት አንበጣ መንጋ ዘሩን ጨምቆ በዘይቱ ሊነዳበት ይመጣል። አምባው በማይታይ ግርዶሽ የታጠረ ስለሆነ ከእሳት የሚወጣ ጥይት ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይከሽፋል፤ ዝግ ብሎ የሚበር ፍላጻ ግን ያልፋል። ፊዚክስ የምታስተምረው ምህረት ይህ ሊሆን አይችልም ብላ ሁለት እሑድ ተከራከረች፣ በሦስተኛው ቀስት አነሳች።

የፍላጻዎቹ ጉዳይ እንዲህ ነው። ተራው ፍላጻ ተራ ጫፍ አለው፣ አያልቅም። ልዩዎቹ ግን አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፣ ጫፋቸውም የየራሱ ሥራ አለው። ሙጫ የብረቱን እግር ከመሬት ታጣብቃለች። መረብ ትጠልፋለች፣ ጭስ ትጋርዳለች፣ በረዶ ሜዳውን ታዳልጣለች፣ ገመድ ከገደል ታሻግራለች። አድማጭ ግድግዳ ላይ ተሰክታ የጠላትን ወሬ ታመጣለች። እሪታ ታደነቁራለች። መርፌ ከሩቅ ተተኩሳ የቆሰለ ወዳጅ ታክማለች። ጨለማ የማሽኑን ኃይል ታጠፋለች፣ ፀሐይ ዓይኑን ታነድዳለች። አሥራ አንደኛዋ እርግብ ናት፤ ተተኩሳ ከሦስት ዙር በኋላ ወደ ተኳሿ ትመለሳለች። ሀናን ሁሉንም ከስቴኪኒ ሠርታ ጫፋቸውን በጥፍር ቀለም ቀባቻቸው። ማንም እንዳያጭበረብር የተተኮሰ ስቴኪኒ እዚያው ለሁለት ይሰበራል። እርግብ ብቻ አትሰበርም፤ እስክትመለስ ድረስ ታሪክ ነጋሪዋ እጅ ትቆያለች።

ጋሽ አለምነውን ያመጣቻቸው ምህረት ናት። አንድ ቀን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ጠመኔ ስትጠብቅ ስለ ጎተራው ብታወራላቸው፣ ጠባቂው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ጠባቂ የለውም ስትላቸው በሚቀጥለው እሑድ ከነኮታቸው መጡ። ሌላ ሰው ሲገባ እንዴት ነው የሚተኮሰው ይላል። እሳቸው ያሉት፣ አስረካቢው ማን ነው ነበር። አሥራ አንዱን ፍላጻ ቆጥረው ተረከቡ፣ ፈረሙ፣ ሀናንንም አስፈረሙ፣ አሮጌ የመነጽር ቤት ውስጥ ደርድረው ጠቅ አድርገው ዘጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓዳው ሰው በጅሮንድ አለምነው ይላቸው ጀመር፤ በድሮ ጊዜ የንጉሥ ግምጃ ቤት ሹም የሚጠራበት ማዕረግ ነው። እሳቸውም ሹመቱን እንደሚገባቸው ቆጥረው ተቀበሉት።

ከዚያ በኋላ የመነጽር ቤቱ አልተከፈተም። ማለት ተከፍቷል፣ በየሳምንቱ ለመቁጠር።

አንድ እሑድ አንድ የብረት ዘብ መንገድ ዘጋባቸው። አዩብ ሙጫን ይተኩሱ እያለ ወንበሩን ደበደበ። በጅሮንድ ግን ወደ ዘቡ ቀርበው የምደባ ደብዳቤውን እንዲያሳይ ጠየቁት። ደብዳቤ የለውም። እንግዲያው በማን ትእዛዝ ነው የቆምከው አሉና እያዋከቡ ሦስት ዙር ሲይዙት ሌሎቹ በጎን አለፉ። ሀናን ሳቋ መጣባት፣ አልሳቀችም።

ሌላ ጊዜ አዩብ በታሪኩ ውስጥ ከገደል ወድቆ ደሙ ይፈስ ጀመር። እሳቸው ከአምባው አናት ናቸው፣ መርፌ በእጃቸው ናት። አዩብ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ጋሼ እየሞትኩ ነው ይላል። እሳቸው በስንት ዙር ነው የሚሞተው ብለው ሀናንን ጠየቁ። በአምስት ዙር አለቻቸው። «በአራት በእግሬ እደርሳለሁ፣ መርፌዋ ትቀመጥ» አሉና ወረዱ። እውነትም በየዙሩ ዳይስ እየጣሉ፣ አንድ ጊዜ ተንሸራተው፣ አንድ ጊዜ ቁጥቋጦ ይዘው፣ በአራተኛው ደርሰው ነጠላቸውን ቀድደው አሰሩለት። አዩብ ዳነ። ቢድንም አንድ እሑድ ሙሉ አላናገራቸውም።

የእርግብ ነገር ነው ሰው ያሳበደው። ተተኩሳ ትመለሳለች፣ አትሰበርም፣ አይጎድልባቸውም። ምህረት ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፍ ያህል ዘርዝራ አስረዳቻቸው። አሰቡበት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ «ባትመለስስ?» አሉ።

ሀናን ዘዴ ሳትሞክር የቀረችበት ሳምንት የለም። ጠላቱን አበዛች፣ ድልድዩን ሰበረች፣ አምባውን በጉም ሸፈነች። አንድ ቀንም ከአምስት ወር በላይ ያደረ ልዩ ፍላጻ ኃይሉ ይጠፋል ብላ አወጀች። በጅሮንድ የመነጽር ቤቱን ከፍተው አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አቅርበው መረመሩ። የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈበትም አሉ። ሲረከቡ ያልተመዘገበ ጉድለት ደግሞ በኋላ አይመዘገብባቸውም። አዋጁ እዚያው ተሻረ።

በግንቦት ቪዛው መጣ። የኩዌቷ እመቤት እህት ሠራተኛ ፈልጋ ነበር፤ ኮንትራቱ የሁለት ዓመት፣ ጉዞው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ። ሀናን ለጓዳው ሰው ስትነግር እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደስታም ይሁን ሌላ እሷም አልለየችውም። ምህረት ዓይኗን አበሰች። አዩብ ማን ያጫውተናል አለ። ጋሽ አለምነው «ሁለት ዓመት» ብለው ደገሙት።

ሀናን የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ታሪኩን ጨርሳ መሄድ። ለምህረት በግልጽ ነግራታለች። ስፌቱም፣ ሱቁም፣ ትዳሩም በግማሽ ቀርቷል፤ ይቺን እንኳ ልቋጫት፣ አንድ የጨረስኩት ነገር ይኑረኝ ብላለች። ስለዚህ ለመጨረሻው እሑድ እናቲቱን አንበጣ አዘጋጀች። ስሌቱን ስትሠራ ሦስት ቀን ፈጀባት። ከልዩዎቹ ቢያንስ ስድስቱ ካልተተኮሱ ጎተራው ይቃጠላል፣ የገብሱም የምስሩም ዘር አመድ ይሆናል፣ ታሪኩም በዚያው ያልቃል። አልምርም ብላ ለራሷ ማለች። በልቧ ግን የበጅሮንድ ፍላጻ ሳይተኮስ ጎተራው ሲቃጠል ይታያት ነበር፤ በአመድ ተሰናብታ መሄድ አልፈለገችም።

እሑድ ደረሰ። ሁሉም ተሰበሰበ። ነፋሱ የሱቁን ቆርቆሮ ያንጓጓዋል፣ ሀናን ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። መንጋው ተነሳ ብላ ነገሩን ጀመረች። ሰማዩ ጠቆረ። አዩብ በመጀመሪያው ዙር ከገደሉ አፍ ተንጠለጠለ፣ ምህረት በሁለተኛው ከቅጥሩ ተገፍታ ቆሰለች። ተራው ፍላጻ ከእናቲቱ ቆዳ ላይ እየነጠረ ይወድቃል። ዓይን ሁሉ ወደ መነጽር ቤቱ ዞረ። ማንም ይተኩሱ አላላቸውም፤ ሰባት ወር ተብሏል፣ ሰልችቷል።

በጅሮንድ አለምነው የመነጽር ቤቱን ከፈቱ። ጭስን አወጡ፣ ስሟን ጠሩ፣ ዳይሱን ጣሉ፣ ለሁለት ቀጭ አደረጓት። የስቴኪኒዋ ድምፅ ትንሽ ናት፤ ጓዳው ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ደነገጠ። በረዶን አስከተሉ። ሙጫን። መረብን። አላቆሙም። መርፌን ለምህረት ላኩላት፣ በገመድ አዩብን ከገደሉ አፍ መለሱት። አድማጭን እንኳ፣ በዚያ ሰዓት ምንም የማትሠራዋን፣ ለእናቲቱ ደረት ሰጧት። እሪታ፣ ጨለማ፣ ፀሐይ። ስድስት ይበቃ ነበር፤ አሥር ተኮሱ። የተሰበረው ስቴኪኒ ፊታቸው ተቆለለ።

በመሀል ልቡ የራደው አዩብ ነው። «ጋሼ» አለ፣ «አንዷን እንኳ ለክፉ ቀን አያስቀምጡም?»

ጋሽ አለምነው ቀና ብለው ሀናንን አዩ። «ክፉው ቀን ዛሬ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ።

እናቲቱ ወደቀች። መንጋው ተበተነ። ጎተራው ከነዘሩ ቆመ። ሀናን ሰብሉ በሚቀጥለው ክረምት እንዴት እንደበቀለ ነገረቻቸው፣ ከአምባው ሥር ያለው አገር ሁሉ እንዴት አረንጓዴ እንደለበሰ። የቀረው መዝጊያው ነበር። በዚያ ጓዳ ልማድ ታሪክ ነጋሪዋ «ጎተራው ተዘጋ» ትልና ዳይሶቹን በሻይ ብርጭቆ ትከድናቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጨምርም። ብርጭቆውን አነሳች። ጋሽ አለምነው እጃቸውን አወጡ።

«ቆይ፣ አንድ ቀርታኛለች።»

«ጋሼ፣ ጠላቱ አለቀ እኮ። ማን ላይ ሊተኩሷት ነው?»

«ማንም ላይ አይደለም። ወደ ሰማይ ነው።»

ነጩዋን ስቴኪኒ አወጡ፣ ዳይሱን ጣሉ፣ የወጣውን ቁጥር እንኳ ሳያዩ እርግብን ሀናን መዳፍ ላይ አኖሯት። «ከሦስት ዙር በኋላ ትመለሳለች ብለሻል» አሉ። «አንዱ ዙር ይኸው አለቀ። ሁለቱን ስትመጪ እንጨርሳለን።»

ሀናን ተናደደች። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ያለመችው አንድ ነገር ነበር፣ እሱን ነው ያበላሹባት። «አንድ ነገር እንኳ ልጨርስ ብዬ ነበር፣ ጋሼ» አለች።

«አትጨርሺ» አሏት። «የጨረሰ ሰው አይመለስም።»

ብርጭቆው እጇ ላይ ቀረ። በሰባት ወር ልማድ ልትፈርም እጇን ለብዕር ዘረጋች። ከእኚህ ሰው እጅ ያለ ፊርማ የወጣ ጠመኔ እንኳ የለም። ጋሽ አለምነው ግን ኮታቸውን ለብሰው ባዶውን የመነጽር ቤት ኪሳቸው ከትተው ነበር። ፈርሚ አላሏትም።

ሰኞ ጠዋት አውቶብሱ ክላክሱን ሲያሰማ እግሯ እንደ ልማዱ አልተነሳም፤ እናቷ ናቸው ገፍተው ያስገቧት። የአቀስታን ከተማ እስኪያልፉ ስቴኪኒዋ ፓስፖርቷ ውስጥ መኖሯን ሦስት ጊዜ አረጋገጠች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ገንዘብ የያዘች መስሎት ቦርሳሽን አጥብቂ አላት።

አሁን ኩዌት ናት። ከአገር የሚደውለው ሁሉ የሚጠይቃት አያልቅም፤ በላሽ ወይ፣ ደመወዝ ደረሰ ወይ፣ ለእገሌም ሥራ ፈልጊለት። በየእሑዱ ደግሞ አንድ የድምፅ መልእክት ይመጣል። በጅሮንድ አለምነው ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ፣ ሰላምታውን ከነቤተሰቡ ያደርሳሉ፣ ከዚያ «ሀናን፣ እርግቤ እንዴት ናት?» ይላሉ። እትዬ ሐረግ ከኋላ ሆነው ብርድ ልብሱ ዛሬም ቁም ሳጥን ላይ መሆኑን ይጨምራሉ። ሀናንም ትመልሳለች፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት ጋሼ፣ ገና በአየር ላይ ናት።»

ባለፈው ጁምዓ፣ ምሳ እንደበሉ፣ አብራት የምትሠራው ህንዳዊት አብሳይ ጥርሷ ውስጥ የገባ ሥጋ አስቸግሯት ኖሮ ከሀናን ትራስ አጠገብ ነጭ የተቀባች ስቴኪኒ አየችና አነሳቻት። ሀናን ከአልጋዋ ተወርውራ እጇን ያዘቻት።

«ተይ» አለች በአማርኛ፣ «እሷ ትቀመጥ።»

አብሳይዋ አማርኛ አትሰማም። ግን ስቴኪኒዋን ለቀቀች፤ ምናልባት እሷም አገሯ አንድ እንዲህ የሚል ሰው ሳይኖራት አይቀርም።